የታመምሁት እኔ ነኝ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ዛሬ አንድ አህያ ፎቶ ከመነሳት ለጥቂት ተረፈ።

ጋሽ ዘሩ እኔ ሚዛን ወደምይዝበት ወፍጮ ቤት በቆሎ ሊያስፈጩ መጡ። ኮስተር ብዬ «አዲስ መመሪያ ወጥቷል፤ ፎቶ የሌለው አህያ ወፍጮ ቤት አይገባም» አልኋቸው። እሳቸውም አህያቸውን እየጎተቱ ፎቶ ቤት ድረስ ሄዱ። ፎቶ አንሺው የኔው ቢጤ ነው... «ጉርድ ነው ሙሉ?» ብሎ ጠየቃቸው አሉ። አርጩሜ ይዘው ሲመለሱ ሚዛኑን ዞሬ አመለጥሁ። የወፍጮው ባለቤት እትዬ ንግሥቴ በነጠላቸው ሳቃቸውን አፍነው ተቆጡኝ። እየሳቀ የሚቆጣን ሰው ማን ይፈራል?

ቡሬ እንዲህም ካልሳቀች ምን ይውላታል። መንገዱ ሲዘጋ፣ ሲከፈት። ኢንተርኔት እንደሁ መልኩንም ረስተነዋል።

አቻምየለሽ ዛሬ ከገጠር ትመጣለች ተብሎ ነበር። የአክስቴ ልጅ። እኩያዬ ናት፤ ዘንድሮ ሁለታችንም ሃያ ሞላን። አልመጣችም። ስልኳም አይነሳም። ምን ዋጣት?

የካቲት 4

እሷን ስጠብቅ እናቷ መጣች፣ አክስቴ አምለሰት። ብቻዋን። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ።

«አቻም አመማት» አለች።

«ባል አምሯት ይሆናል» አልሁ።

ያችን ቃል ከአየር ላይ ለቅሜ ብውጣት። አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ... እንዲያ ታይቼ አላውቅም።

ከጆንያው ጀርባ ወስዳ ነገረችኝ። ቃሉን አልጠራችውም። «ላቀው ነካብኝ» ብቻ። ላቀው፣ እህል ሰብሳቢው። በሞተር ገጠር ለገጠር እየዞረ በቆሎ የሚገዛው፤ እኛ ጋ የሚያስመዝነው፤ ስቀልድ ከሁሉ በላይ የሚስቅልኝ። ትናንት አክስቴ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ ልጇን ከጓዳ ጥግ አገኘቻት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሽማግሌ ላከ። ለጋብቻ። ያንን አድርጎ አደረና ሽማግሌ ላከ። ያረጋል የሚባሉት አዛውንት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምንም ሳያውቁ ይሁን አውቀው፣ «ልጃችን ልጃችሁን ወዷል» ብለው ቆሙ። መልሱ ለእሑድ።

አባቷ የለ። አክስቴ ብቻዋን ናት። «ካገባት ማን ምን ይላል? ካላገባትስ ማን ያገባታል?» ትላለች። እኔን እየጠየቀች ነው ራሷን?

ልብሷን ጎህ ሲቀድ ወንዝ ወርዳ አጥባዋለች። ነውሩ አብሮ እንዲሄድ። ለነፍስ አባታቸው ለአባ ቂርቆስም ነግራለች፤ ሰባት ቀን ጠበል ትግባ ብለዋል። ሐሙስ ግሽ ዓባይ ሊወስዷት ነው። ለሌላ ሰው እንዳልናገር በማርያም አስማለችኝ።

ከሰዓት በኋላ፦

ማልሁ። ግን እንዴት ዝም ይባላል? ምንድን ነው የሚደረገው? የት ነው የሚኬደው? ስልኬን ባወጣው ኔትወርክ የለም። እኔና ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው የተጣላነው፤ ይህ ስምንተኛ ክፍል ላይ ይሆን የነበረው?

የሰፈራችን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማርያማዊት ትዝ አለችኝ። ሄድሁ። ደጃፏ ላይ ሦስት ሴቶች ተቀምጠዋል። «አንዲት ልጅ አለች... ስሟን አልጠራም...» ብዬ ጀመርሁ። ማርያማዊት በሩን ዘጋችው።

አንድ በአንድ ነገረችኝ። ሦስት ቀን ሳይሞላ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መድረስ አለባት። ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ከሦስት ቀን ካለፈ አይሠራም። እንዳታረግዝ የሚሰጥም አለ፤ እሱም በቶሎ ነው። ገላዋን አትታጠብ፣ ልብሷን አታጥቡ። መጀመሪያ ሐኪም፤ ፖሊስ በኋላ፣ ያውም እሷ ስትፈልግ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጥፋቱ የእሷ አይደለም በሏት። ይህን ስትል እጄን ያዘችኝ።

«ሠርክአዲስ፣ ዛሬ እንኳ አትቀልጂ። መቼ ነው?»

እኔ አይደለሁም አልኋት። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ከዚያ በላይ አልተከራከርሁም። ስወጣ ሦስቱ ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ።

የካቲት 5

ገጠር ወረድሁ። ሽማግሌው ያረጋል ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። የላቀው ሞተር ከመንገዱ ዳር ቆሟል፤ እሱ የለም። ሰው ሳይኖር ሞተር እንዲህ ያስፈራል እንዴ?

አቻምየለሽ ጓዳ ናት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። የማርያማዊትን ቃል ሁሉ በሹክሹክታ ነገርኋት። ዞር ሳትል «ልብሴ ታጥቧል። ያም ሆኖ ያክሙኛል?» አለች።

እሱን አልጠየቅሁም ነበር። «አዎ» አልሁ። ምን ልበል?

አክስቴ ግን አሻፈረኝ አለች። ጠበሉ ይቅደም፣ አባ ያዘዙትን አልሽርም። ሰባት ቀን... መድኃኒቱ ሦስት። እንዲህ ያለ ሒሳብ እኔንም አያቅተኝ።

አባ ቂርቆስ ቤት ሄድሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መቋሚያቸውን ሳልደብቅ አልወጣም። ዛሬ መሬቱን እያየሁ ተናገርሁ። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ሰባት ቀን ያልሁት እኔ ነኝ። የመድኃኒቱን ነገር አላወቅሁም።»

«አሁንስ አባ?»

«ጠበሉ የትም አይሄድ። ልጅቱን ማልዳችሁ ሐኪም ቤት ውሰዷት። ለያረጋል እኔ እነግረዋለሁ፤ ጠበል የያዘች ልጅ ለጋብቻ አትጠየቅም። ይህን ሽማግሌ ሁሉ ያውቃል።»

«ሐኪም ቤት ሄዳ ጠበል ነው ማለት ውሸት አይሆንም?» አመሌ ነው፣ አፌ ቀደመኝ።

«መድኃኒቱንስ የፈጠረው ማነው?» አሉና መስቀላቸውን ይዘው ተነሱ። አክስቴ ፊት ቆመው ራሳቸው ነገሯት። አለቀሰች። ከዚያ ለልጇ ስንቅ መቋጠር ጀመረች።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ገና ሳይነጋ ወጣን። አስፋልቱ ዳር ሚኒባስ ስንጠብቅ ሞተር መጣ። አውቄዋለሁ፣ ሳላየው።

ላቀው ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። አፍጥጦ አየን። አቻም ክንዴን ጨመቀችኝ፤ እስካሁን ምልክቱ አለ።

«አባ ጠበል ትሄዳለች ብለው ነበር። የግሽ ዓባይ መንገድ በወዲያ አይደለም እንዴ?»

«የታመምሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አድርሳኝ ትመለሳለች።»

«ምንሽን ነው?»

«የሴት ነገር።»

ትንሽ ሳቀ። ከዚያ እኔን ትቶ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «ሽማግሌ ልኬያለሁ። ሰምተሻል አይደል?» እንደ እጮኛ፣ በለዘበ ድምፅ። በጩኸት ቢሆን ይሻል ነበር።

ሚኒባሱ መጣ። ተሳፈርን። ሁለት ቦታ አስወርደው ፈተሹን። በየፍተሻው ሰዓት አየሁ። ከረፈደ በኋላ ደረስን፤ ሦስቱ ቀን ግን ገና አልሞላም።

ሐኪሟ ሴት ናት። «የታመመችው የትኛዋ ናት?» አለች። ከልማዴ አፌን ከፈትሁ...

«እኔ ነኝ» አለች አቻምየለሽ።

ልብሱ መታጠቡን ስትሰማ ሐኪሟ አልተቆጣችም። «ቢኖር ጥሩ ነበር። ባይኖርም ያየሁትን እጽፋለሁ» አለች። መድኃኒቱን እዚያው አስዋጠቻት። ለአንድ ወር በየቀኑ ነው፤ ሳይቋረጥ። ማን እንደሆነ የምትነግሪኝ ከፈለግሽ ብቻ ነው አለቻት። አቻም ስሙን ከነአባቱ ተናገረች። ሁለቴ፤ መጀመሪያ ስላልተሰማ።

ክስ የምትፈልግ ከሆነ ቡሬ ፖሊስ ጣቢያ ሴት መርማሪ አለች አለችን። ወደ ገጠር አልመለስኋትም፤ እኔ ጋ ናት። ለሰው የምንለው ግን ጠበል ላይ ነች ነው።

የካቲት 8

ወፍጮ ቤት ገባሁ። እትዬ ንግሥቴ ወተት በኩባያ ይዘው መጡ፤ «ጠጪ ልጄ»። ልጄ ብለውኝ አያውቁም፤ «አንች ከይሲ» ነው ስሜ። ጋሽ ዘሩም ስለ አህያቸው አላነሱም። ራሴ ባነሳው ሳቅ ያመልጣቸዋል ብዬ «የአህያው ፎቶ ደረሰ?» አልሁ። አንገታቸውን ደፉ።

ገባኝ። የማርያማዊት ደጃፍ ሦስቱ ሴቶች...

ከተማው ሁሉ ያ ነገር የደረሰው በእኔ ነው ይላል። ደጅ የቆሙ ወጣቶች ሳልፍ አንድ ነገር ተባባሉ፤ አልደግመውም። አይደለሁም ልበል? አይደለሁም ካልሁ «ታዲያ ማናት?» ይመጣል። የአክስቴን በር ያንኳኳል።

ዝም አልሁ። ለካ ዝምታ ከሥራ ይከብዳል።

የካቲት 10

ላቀው በቆሎ ሊያስመዝን መጣ። ሚዛኑን ሁለቴ አሳስቼ አነበብሁ፤ አየኝ።

«ሆስፒታል የሄድሽው በዚያ ነገር ነው ይላሉ» አለ፤ ቀስ ብሎ። «እውነት ነው?»

«አዎ።»

ፊቱ ፈታ አለ፤ የሄድነው ለአቻም አልነበረማ። ደስ አለው። ዓይኔ እያየ ደስ አለው። «አይዞሽ» አለኝ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። «ማን ነው እሱ?»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ለምን ዝም አላልሁም? «ሐኪሟ ጽፋዋለች። ስሙን ከነአባቱ ነግረናታል።»

ነግረናታል። «ነገርኋት» ማለት ሲገባኝ አመለጠኝ። ገባው። ጆንያውን ሳያስመዝን ተሸክሞ ወጣ።

ሲመሽ ሞተሩ በቤቴ ደጃፍ አለፈ። ተመለሰ። ደግሞ አለፈ። አቻም መድኃኒቷን በውኃ እየዋጠች ነበር፤ ጉንጯ ውስጥ እንደያዘችው ቆየች። ሲርቅ ዋጠችው። ስለ ወፍጮ ቤቱ ሁሉንም ነገርኋት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

«ሰው ሁሉ አንችን ነው የሚለው?»

«ይበል። እኔ ምን ይቀርብኛል?»

«እንዲህ አትበይ» አለች። 

የካቲት 11

ጠዋት ነው። ቶሎ ልጻፍ፤ ልንወጣ ነው።

አቻም ቀድማኝ ተነስታ ጫማዋን አስራ ጠበቀችኝ። ፖሊስ ጣቢያው በየት በኩል ነው አለችኝ። ነገርኋት። ከነገ ወዲያ ይሁን፣ አክስቴም ትምጣ፣ አባንም እንጠይቅ አልሁ። እኔ፣ ማንንም የማልፈራው፣ ምክንያት ስቆጥር ሰማሁት ራሴን።

«ሠርኬ» አለች፤ «እስከዛሬ በእኔ ቦታ ታመምሽልኝ። ከእንግዲህ ይበቃሻል። አብረሽኝ ነይ፤ የምናገረው ግን እኔ ነኝ።»

በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ። ከማዶ ሞተሩ ቆሟል። ዛሬ እሱም አለበት፤ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሌላ መንገድ የለም፣ በፊቱ ነው የሚታለፈው። ነገርኋት። ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ትከሻዋ ላይ አጣፋችው። ፊቷ እንዲታይ።

ወጥታለች። እየጠራችኝ ነው።