ሽንት ቤታችን ላይ ስለተቀመጠው አበባ

ጎንበስ ይበሉ እንጂ። አዎ፣ እርስዎን ነው፣ የተከበሩ የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ። ይህ ደብዳቤ የተለጠፈው ዊልቸር ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ስለሆነ ቆመው ሊያነቡት አይችሉም። ወገብዎን ካመመዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኛ የእናንተን ማስታወቂያ ለማየት አንገታችንን ስናንጋጥጥ ስለኖርን፣ አንድ ቀን ደግሞ የእርስዎ ወገብ ቢታጠፍ ሰማይ አይደፋም ብዬ ነው።

ጎንበስ ካሉልኝ እንግዲህ ሰላምታዬን ላቅርብ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ኩላሊትዎ ደህና ነው? ፊኛዎስ በሰላም አድሯል? ጠዋት ከቤት ሲወጡ ያሻዎትን ጠጥተው፣ ቢሮ ሲደርሱ ባሰኘዎት ሰዓት ገብተው፣ በሩን ከኋላዎ ዘግተው፣ ማንም ሳያይዎት ተጣጥበው እንደሚወጡ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህቺን ጸጋ አያጓድልብዎ። ከሷ የሚበልጥ ሀብት እንደሌለ ሰሞኑን በደንብ አውቀነዋል።

እኔን ካላወቁኝ፣ ገበያው መግቢያ ላይ ስልክ የምትጠግነዋ ሴትዮ ነኝ። ከሰዓት እዚያ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ግን እንደኔው ዊልቸር ላይ ካሉት ጋር እርስዎ ዘንድ ለእግሬ ፊዚዮቴራፒ እመጣለሁ። ትምህርቴ የሰው ስልክ ፈትቶ መግጠም ነው፣ ሌላ ወረቀት የለኝም። አፍ ግን ሳይሰስት ሰጥቶኛል፤ ዛሬ ለእርስዎ አገልግሎት አውዬዋለሁ።

ድርጅትዎ ለሠራተኞቹ በየወሩ «ዜናና ጤና» የምትባል ቆንጆ ወረቀት ያወጣል። የምትለጠፈው በቆመ ሰው ዓይን ልክ ስለሆነ ለእኛ የምታነብልን አንዲት ድጋፍ ሰጪያችን ናት። ሰው ከዊልቸር ላይ አቅፋ ስለምታነሳ ሁላችንም «ክሬን» ነው የምንላት፣ እሷም ትስቅበታለች። ባለፈው ወር እንደልማዷ ጮክ ብላ ጀመረች። «የሠራተኞች የእፎይታ ክፍል በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ» ብላ ሁለተኛውን መስመር ሳትጨርስ ማንበቧን አቋረጠች። ምነው ስንላት ወረቀቷን ነቅላ ጭናችን ላይ አስቀመጠችልን።

ፎቶው ላይ እርስዎ ሪባን ይቆርጣሉ። ፈገግታዎ ያምራል፣ አልዋሽም። ከኋላዎ ግድግዳው ላይ ነጭ ፎጣ የተሰቀለበት ብረት ይታያል። ያንን ብረት አወቅኩት። ክቡርነትዎ፣ ፎጣ መስቀያ አይደለም፤ ከወንበሬ ወደ መቀመጫው ስሻገር ሙሉ ክብደቴን የምጥልበት ብረት ነው። ጥግ ላይ ደግሞ ጥልፍ ጨርቅ የለበሰች፣ የአበባ ማሰሮ የተቀመጠባት ክብ ጠረጴዛ አለች። ጠረጴዛ አይደለችም። ጨርቁን ገለጥ ቢያደርጉት መክደኛ ያገኛሉ፣ መክደኛውንም ቢከፍቱት ምን እንደሚያገኙ ያውቁታል።

በግልጽ ለመናገር ያህል፣ በሕንጻው ውስጥ ዊልቸር የሚያስገባው አንድ ሽንት ቤት ያ ነበር። በሩ ላይ «ለእድሳት ተዘግቷል» ተብሎ ሲለጠፍ እኛ ሞኞቹ ደስ አለን። ቧንቧው ያንጠባጥብ ስለነበር ሊጠግኑልን ነው ብለን ሽንታችንን ይዘን በትዕግሥት ጠበቅን። ስንጠብቅ ስንጠብቅ ተመረቀ።

ስለዚህ ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ስለ ጥናቱ። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋን ሄጄ ጠየቅኳት፣ ያውም በጨዋ ደንብ። «እህቴ፣ ዝም ብሎ አይደለም እኮ፣ ጥናት ተደርጎ ነው። ክፍሎቹ በሙሉ ታዩ፣ ብዙውን ጊዜ ባዶ ሆኖ የተገኘው ያ ክፍል ነው» አለችኝ። እዚህ ላይ ቆም ይበሉልኝ። ሽንት ቤት ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። ሰው ገብቶ ይወጣበታል እንጂ ስንቅ ቋጥሮ አይውልበትም። በዚህ አያያዝ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእሳት ማጥፊያም ከተገዛ ጀምሮ ሥራ ፈትቷል፣ ለምን አበባ አይተከልበትም? «ታዲያ እኛ የት እንሂድ?» ስላት «የኮሪደሩን መጨረሻ ተጠቀሙ፣ ካልተመቻችሁ አስተያየት መስጫ ሳጥን አለላችሁ» አለችኝ። ሳጥኑ የተሰቀለው ከ«ዜናና ጤና» ጎን ነው። እጄ አይደርስም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው፤ አስተያየት የሚሰጠው ሰው የማይደርስበት ቦታ አስተያየት ይፈለጋል።

2ኛ፦ ስለ ኮሪደሩ መጨረሻ። ይህ በር ጠባብ ነው፣ ወንበራችን ውጭ ይቀራል። ክሬን አቅፋ ታስገባናለች። ውስጡ ለሁለት ሰው ስለማይበቃ የእሷ ጀርባ ኮሪደሩ ላይ ይቀራል፣ በሩም አይዘጋም። አንድ እጇ እኔን ደግፎ፣ በሌላው ጋዎኗን እንደ መጋረጃ ትዘረጋለች። የሂሳብ ክፍሉ ሰውዬ ፋይሉን ይዞ ሲያልፍ ደግሞ ጨዋ ስለሆነ «እንደምን አደራችሁ» ይለናል። እስቲ እርስዎ ምሁር ነዎት፣ እዚያ ላይ ሆኖ ምን ተብሎ ነው የሚመለሰው?

ክሬን ወገቧ ሄዷል። ይህንን እንድጽፍ አልላከችኝም፣ እንዳታስጨንቋት። ባለፈው «ጀርባን የማፍታታት ሥልጠና» ተብሎ አሰልጣኝ መጣላቸው፤ ሰውዬው «ከባድ ነገር ብቻችሁን አታንሱ» ሲል እሷ እጇን አውጥታ «ከባዱ ነገር ሰው ከሆነስ?» ብላ ጠየቀች። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለና ወደሚቀጥለው እንቅስቃሴ አለፈ። ከዚያ ምን ሸለማችኋት? «የወሩ ፈገግታ»። ፎቶዋ ወጥቶላታል። ስትነሳ ወገቧን ይዛ ነበር፣ እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ከደረቷ በታች ቆርጣችሁ አወጣችሁት። የእፎይታ ክፍሉን ግን እስካሁን አልረገጠችም፤ በእረፍት ሰዓቷ እኛን ታስሸናለች።

3ኛ፦ ስለ ውኃ። ወረቀቷ ውስጥ «ውድ ሠራተኞቻችን፣ በቀን ስምንት ብርጭቆ ውኃ መጠጣት አይርሱ፣ ውኃ ሕይወት ነው» ይላል። እውነት ነው። እኛ ግን ትተነዋል። ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልወሰነም። አንዷ ጠዋት ሻይዋን ተወች፣ አንዱ ኮዳውን ቤቱ ረስቶ መምጣት ጀመረ፣ እኔ መድኃኒቴን በምራቄ መዋጥ ለመድኩ። ክሬንን እንዳንጎዳ፣ የሂሳብ ክፍሉንም ሰላምታ እንዳንመልስ፣ ከንፈራችን እስኪሰነጠቅ ደርቀን እንመጣለን፣ ደርቀን እንሄዳለን።

እንዳንረሳ ብላችሁ ይመስለኛል ደግሞ ሙዚቃውን የጨመራችሁት። የእፎይታ ክፍሉ ከፊዚዮቴራፒ ክፍላችን ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። የቢሮ ሰዎች ገብተው ጋደም ሲሉ መንፈስ ያረጋጋል የተባለ ድምፅ ይከፈታል። የፏፏቴ ድምፅ ነው። ሽንቱን ጨምድዶ የያዘ ሰው እግሩን ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ከግድግዳው ማዶ ፏፏቴ እየሰማ እንዲውል ማን እንዳሰበው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሰይጣን እንኳ እንዲህ አይራቀቅም።

አሁን ስለ ሬዲዮ ልንገርዎት። ሬዲዮ የምንላት ጠዋት ከገባች ጀምሮ አፏ ስለማይዘጋ ነው፤ ወሬ፣ ዘፈን፣ ሐሜት፣ የአየር ጠባይ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ አለ። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ቤቷ ከማን ጋር ታወራለች? የሚሰማት ሰው ያለው እዚህ ነው። ከሁላችንም በላይ የጨከነችውም እሷ ናት፣ ማታ የጠጣችውን ጠዋት እዚህ እንዳትሸና ብላ ማታም ተወች። አንድ ጠዋት ዝም አለች። እኛም «ምነው ዛሬ መብራት የለም እንዴ?» እያልን ቀለድንባት። ግንባሯን ስነካው ይፈጃል።

ኩላሊቷ ነው። ሆስፒታል ተኝታለች፣ በክንዷ ውኃ ይንጠባጠብላታል። ስልኳን እኔ ስለጠገንኩት ድምፁ ጥርት ብሎ ይመጣል፤ ትናንት ደወለችልኝ። «ዶክተሩ ውኃ በደንብ ጠጪ አለኝ። የት ልሽናው ስለው ሳቀ፣ ቀልድ መሰለው» አለችኝ። ቀጥላም «እህቴ፣ ያ በር ተመልሷል?» አለች። «ገና ነው» ስላት፣ «እንግዲያው ከዚህ ስወጣ ቤቴ ነው የምቀመጠው። ደህና ሁኑ በይልኝ» ብላ ዘጋችው። ሬዲዮ ስልክ ቀድማ ስትዘጋ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

4ኛ፦ አራተኛውን ልጽፍ ስል ሽንቴ መጣ። ክሬን ሌላ ሰው ይዛለች። ይቆየን፣ ወደ አምስተኛው ልለፍ።

5ኛ፦ ስለ አዛኝነትዎ። የዚህ ወር «ዜናና ጤና» ሬዲዮንም አልረሳቻትም፣ የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ አንድ መስመር ደርሷታል። «ከደንበኞቻችን አንዷ በመታመሟ ስሜታቸው የተነካ ሠራተኞች በእፎይታ ክፍሉ በመገኘት መንፈሳቸውን እንዲያድሱ እናበረታታለን» ይላል። ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ሴትዮዋን ያሳመማት ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ስለመታመሟ እዘኑ እየተባለ ነው። ከሥሩ ደግሞ «በሁለተኛው ምዕራፍ፣ በሚመጣው ሰኞ፣ በክፍሉ ውስጥ የቀሩ አላስፈላጊ ዕቃዎች ይነሳሉ» ይላል። አላስፈላጊው ዕቃ መቀመጫውና ብረቱ ነው። እስካሁን አበባ ብቻ ነው የተቀመጠበት፣ አበባ ይነሳል። ሰኞ ከተነቀለ ግን በሲሚንቶ ይደፈናል፣ ከዚያ ወዲያ «በጀት የለም» እንደምትሉን ጸሐይ በምሥራቅ እንደመውጣቷ አውቃለሁ።

ሠራተኛ አይረፍ ያልኩ እንዳይመስልዎ። ይረፍ እንጂ፤ የደከመ ሰው እጅ ላይ መውደቅ ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ከእርስዎ ቢሮ ጎን ረጅም ጠረጴዛና የቆዳ ወንበሮች ያሉት የስብሰባ አዳራሽ አለ። በዓመት ስንቴ እንደሚከፈት ለጥናት ቡድንዎ እተወዋለሁ።

ምስጋናም አለኝ፣ ውለታ ቢስ አይደለሁም። ሽንት ቤታችንን ስላስዋቡልን እናመሰግናለን፣ እኛ ስንጠቀምበት ሻማም ጥልፍም አልነበረውም። ኩላሊት የት ጋ እንዳለ ስላስተማሩን እናመሰግናለን፣ አሁን ሁላችንም በጣታችን እናሳያለን። «አካል ጉዳተኞችን እናስቀድማለን» የሚለውን ትልቁን ሰሌዳ መግቢያው ላይ ስለተከሉልን በተለይ እናመሰግናለን፤ ሽንት ይዞን ግቢውን ስንዞር ከኋላው ከለል እንልበታለን።

የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የቢሮዎን በር ስፋት፣ የፊኛዎን ነጻነት ዘወትር የምመኝልዎ፣ ከንፈሬ የደረቀ ምላሴ ግን ያልደረቀ፣ የሚያስታምሙኝ ታዛዥ ደንበኛዎ፣

ስልክ ጠጋኟ

ማስታወሻ፦ አበባው ደህና ነው፣ አይስጉ። የጽዳት ሠራተኛዋ በትእዛዝዎ ጠዋትና ማታ ታጠጣዋለች። እዚህ ቤት ውኃ ጠጥቶ የት አደረስከው የማይባል እሱ ብቻ ነው።

መልስ እፈልጋለሁ። አስጠርተው ቢሮ ውስጥ በለሆሳስ እንዳይነግሩኝ፣ በርዎ ላይ ያለችውን ደረጃ አልወጣም። ሰኞ ሠራተኞቹ መዶሻቸውን ይዘው ከመድረሳቸው በፊት፣ ስምዎንና ፊርማዎን አኑረው፣ እዚሁ ሰሌዳ ላይ፣ በዚሁ ከፍታ፣ ሁላችንም እያየን ይለጥፉልኝ። ረጅም አይሁን። ጥያቄዬ አንዲት ናት፣ ሬዲዮም ሆስፒታል ሆና ትጠብቃለች፦ ነገ ጠዋት ውኃ እንጠጣ ወይስ አንጠጣ?