ስድቡ ሲጠራ

ጥቅምት 14፣ መተማ ዮሐንስ

ዛሬ እናኑን ቀበርናት። ስትሮክ መትቶኝ ምላሴ ሲተሳሰር፣ መናገር መልሳ ያስተማረችኝ የንግግር ሕክምና ባለሙያዬ ናት። እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዟትም ነበር። ሆኖም የክረምቱን ጭቃ በእጇ በምትዘውረው ባለሦስት ጎማ ወንበር ሰንጥቃ ቤቴ ትመጣ ነበር፤ ሰርግ ላይም ከነወንበሯ ትጨፍር ነበር።

አንድ ቀን ጭቃውን እያረሰች ስትመጣ ላበሽቃት ብዬ "ትራክተር" ልላት ስል "ታተር" ብዬ ቀረሁ።

"ጋሼ፣ ስድብዎ ካልጠራ አልቀየምም። ይድገሙት!" ብላ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ትምህርታችን ይኸው ስድብ ሆነ። እስክትሞት ድረስ ግን አንድም ቀን አልጠራልኝም።

ዛሬ አፈር ሲመለስባት ጠጋ ብዬ "ደህና ሁኚ፣ ትራክተር" አልኳት። ጥርት ብሎ ወጣ። ለቀስተኛው ሁሉ ተቀይሞ ዞረብኝ።

እናኑዬ፣ ጠራ እኮ። አንቺም ተቀየሚኝ እንጂ።