ያልለጠፍኩት ማስታወቂያ

ነሐሴ 3፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ከንጋት ጀምሮ። ጓደኛዬ ያንግጂ እንደ ልማዷ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ አሥር ሰው የምትጭነውን ባለ ሦስት እግር ታክሲዋን በራችን አቁማ ጥሩምባ ነፋች። አባዬን ደግፈን አወጣነው። ከኋላ የተሳፋሪ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ከሾፌሯ ጎን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። "እኔ ጆንያ አይደለሁም!"

እሑድ፣ ማክሰኞ፣ ዓርብ... የኩላሊት እጥበት። አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነን። ሌላ ባለታክሲ በዚያ ሰዓት እኛ ጋሊ፣ የሰፈራችን ቅያስ ውስጥ አይገባም፣ መንገዱ ጠባብ ነው። አባዬ ደግሞ እስከ አስፋልቱ አይራመድም። ያንግጂ ግን ሥራ ከመጀመሯ በፊት ትመጣለች። አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም።

ከሰዓት ሱቅ። አንድ የናስ ማንቆርቆሪያ ሸጥኩ። በመሃል የራፕ ማስታወቂያ የምለጥፍበትን ገጽ አደስኩ። ቅዳሜ ሳምንት የራፕ ፍልሚያ አለ፣ ቦታው አልተቀየረም። አንድ ስቱዲዮ ለጀማሪዎች በግማሽ ዋጋ ይቀዳል። ፖክራ ከተማ የራፕ ምት፣ ቢት የሚሠራ ሰው ይፈለጋል። "የጋሊ ወሬ"ን አሁን አሥራ አራት ሺህ ሰው ይከታተለዋል። እዚህ ኔፓል፣ በፓታን ከተማ ራፕ የሚሞክር ሁሉ ዕድሉን የሚሰማው ከዚህ የመዳብ ሱቅ ነው። ስንቱን ከዚህ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጬ ሸኘሁ? አንዱ ዴልሂ፣ አንዱ ዳካ። እኔ እዚሁ።

ነሐሴ 5፣ ሐሙስ

ሙምባይ ካለ አንድ የሙዚቃ ድርጅት መልእክት መጣ። ስድስት ሴት ራፐሮች ይጋብዛሉ፣ ከአካባቢው አገሮች፣ ለሦስት ወር። ስቱዲዮ፣ ማደሪያ፣ መጨረሻ ላይ አንድ አልበም። "በራሳቸው ቋንቋ የሚሠሩ ይመረጣሉ።" ገጹ ላይ እንድለጥፈው፣ ደግሞም አንዲት ሴት በስም እንድጠቁም ጠየቁኝ። እስከ ነሐሴ 24።

በራሳቸው ቋንቋ... በታማንግ ቋንቋ ራፕ የምታደርግ ሴት ከያንግጂ ሌላ ማን አለ? ሲጽፉት እሷን እያዩ የጻፉት ነው የሚመስለው።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልለጠፍኩም። ነገ እለጥፈዋለሁ።

ነሐሴ 6፣ ዓርብ

አባዬን ማሽኑ ላይ ካስተኛን በኋላ ያንግጂ ኮሪደሩ ላይ ሻይ ገዛችልኝ።

"እሺ እመቤቴ፣ ምን አዲስ ነገር አለ? ለኛ ለድሆች የሚሆን?"

"ምንም።"

"ምንም? ከአሥራ አራት ሺህ ሰው ምንም?"

"ዝናብ ነው መሰለኝ፣ ሁሉም ተኝቷል።"

ሳቀች። ሻይዋን ጠጥታ ወደ ላጋንኬል ፌርማታዋ ሄደች።

ምን ነካኝ?

ነሐሴ 10፣ ማክሰኞ

አልለጠፍኩም።

ነሐሴ 14፣ ቅዳሜ

ቅዳሜ እጥበት የለም። አክስቴ አባዬ ጋ ተቀመጠችልኝና ፍልሚያውን አየሁት። አሮጌ የጡብ ፋብሪካ ግቢ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ያንግጂ የገጠማት አንድ ረዥም ልጅ ነው። "አንቺ ሹፌር ነሽ፣ መድረኩ ፌርማታ አይደለም" አላት። ሕዝቡ ጮኸ። እሷ ፈገግ ብላ ጠበቀችው። ከዚያ ግማሹን በታማንግ፣ ግማሹን በኔፓሊ ለቀቀችበት፤ እናትህን በየቀኑ ወደ ገበያ የማደርሳት እኔ ነኝ፣ አንተ አንድ ቀን እንኳ ዘንቢሏን ይዘህላት አታውቅም... ልጁ ራሱ ሳቀ። አለቀለት።

ድሮ ሁለታችን ነበርን እዚያ ላይ። እኔ ከታች በወፍራም ድምፅ፣ እሷ ከላይ በፍጥነት። አባዬ ሲታመም እኔ ወረድኩ። ማንም አልገፋኝም... ዝም ብዬ ወረድኩ።

ከመድረክ ወርዳ አቀፈችኝ። ላቧ ጉንጬን አራሰው። "መድረኩ ላይ ውጪ፣ አንድ ግጥም ብቻ በይ" አለችኝ። እምቢ አልኩ። ያኔ ልነግራት እችል ነበር። አፌ ውስጥ ነበር።

ነሐሴ 22፣ እሑድ

አባዬ ማሽኑ ላይ ሆኖ፦ "ይቺ ልጅ ባትኖር እኮ እስካሁን ተቀብሬ ነበር።"

ለምን ዛሬ አለው?

ነሐሴ 24፣ ማክሰኞ

የመጨረሻው ቀን። ከሆስፒታል እንደተመለስን የመጠቆሚያ ቅጹ ላይ ስሟን ጻፍኩ። ስልኳን፣ የዘፈኖቿን አድራሻ፣ ሁሉን ሞላሁ። "ላክ" የሚለውን መጫን ብቻ ነው የቀረኝ። ደንበኛ መጣ፣ የመዳብ ጋን ፈልጎ። ከሄደ በኋላ አልጫንኩም። ምሳ ሠራሁ። አልጫንኩም። የአባዬን መድኃኒት ሰጠሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቅጹ ራሱ ተዘጋ።

አለቀ። ቀለለኝ፣ እውነቱን ለመናገር። ለአንድ ሰዓት ያህል ቀለለኝ።

መስከረም 7፣ ቅዳሜ

ታወቀ።

አንዲት የፖክራ ልጅ ተመርጣ በደስታ ለጥፋለች፤ ከሥር "በየከተማው ያሉትን ገጾች አመሰግናለሁ" ብላ። ያንግጂ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቅ መጣች። አልተቀመጠችም።

"ላንቺም ደርሶሽ ነበር?"

"አዎ።"

"መቼ?"

"ነሐሴ አምስት።"

"ነሐሴ ስድስት ጠይቄሻለሁ። ሻይ ገዝቼልሽ።"

"ጠይቀሽኛል።"

"ምንድነው? ቅናት ነው?"

"አባዬን ማን ይወስደዋል ብዬ..."

"አባባን አታንሺ!" ባንኮኒውን መታችው፣ የተደረደሩት ኩባያዎች ተንጫጩ። "ቅናት ነው ወይ ብዬ ነው የጠየቅኩሽ።"

"እሱም አለበት" አልኩ።

ቁጭ ብላ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም።

"አትሂጂብኝ ብትይኝ ኖሮ እኮ፣ ሉኒ... ምናልባት እቀር ነበር። እንደ ሰው ብትለምኚኝ። አንቺ ግን ሳልሰማ ከውጭ ቆለፍሽብኝ።"

ወጣች።

መስከረም 8፣ እሑድ

አትመጣም ብዬ ነበር። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ጥሩምባው ተነፋ።

አባዬን ደገፈች። "አባባ፣ እግርዎን ቀስ" አለችው። ለኔ አንድ ቃል የለም። ሆስፒታል አድርሳን ሄደች። ብትሰድበኝ፣ ብትቀር ይሻለኝ ነበር። ለምን መጣች? ለሱ ነዋ።

መስከረም 10፣ ማክሰኞ

አባዬ ጠየቀኝ። "ምን ተባባላችሁ? ሁለታችሁ መካከል ተቀምጬ በረዶ ሆንኩ እኮ።"

ነገርኩት። ሁሉንም። ደሙ በቱቦው ሲመላለስ እያየ ሰማኝ።

"በኔ ስም ነው ያደረግሽው?"

"አባዬ..."

"መልሺልኝ።"

"ግማሹ።"

ሰዎች እስኪዞሩ ድረስ ጮክ ብሎ፦ "እኔን ይሄ ማሽን አሰረኝ፣ ይሁን። አንቺን እኔ አሰርኩሽ፣ እሱንም አውቃለሁ፤ ቀን ተሌት የማስበው እሱን ነው። ያቺን ልጅ ደግሞ አንቺ? አርባ ዓመት መዳብ ቀጠቀጥኩ፤ ማንቆርቆሪያ ነው የሠራሁት፣ ሰንሰለት ሠርቼ አላውቅም!"

ነርሷ መጥታ የደም ግፊትዎ ይጨምራል አለችው። "ይጨምር!" አላት።

መስከረም 11፣ ረቡዕ

ገጹ ላይ ጻፍኩት። ሳላሽሞነሙን፦ ይህ ዕድል በነሐሴ አምስት ደርሶኛል፣ ሆን ብዬ ደብቄዋለሁ፣ የደበቅኩት ያንግጂ ላማ እንዳትሄድ ነው፣ እሷ ምንም አታውቅም ነበር። ሌሎቻችሁንም ጎድቻለሁ። የገጹን ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ ለሌሎች ሁለት ሰዎች ሰጥቻለሁ። ከእንግዲህ የሚመጣውን ሦስታችንም እናየዋለን፤ ማንም ብቻውን መደበቅ አይችልም።

ለሙምባይም ጻፍኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷን ስሟት አልኩ።

ስድቡ እንደ በረዶ ወረደ። "እባብ።" "እኛስ ስንቱን ደብቀሽብናል?" ከዚህ ሌላ የደበቅኩት የለም። ማን ያምነኛል? አንዱ፣ ከዚህ ገጽ የመጀመሪያ መድረኩን ያገኘ፣ "አፈርኩብሽ እትዬ" ብሎ ብቻ ጻፈ። አንጀቴን የቆረጠው እሱ ነው።

መስከረም 13፣ ዓርብ

መጣች። ለአባዬ ብርቱካን አምጥታለታለች። የጻፍኩትን አንብባዋለች፣ አውቃለሁ። ምንም አላለችም።

መስከረም 17፣ ማክሰኞ

ሙምባዮች መለሱ!

ከስድስቱ አንዷን ቤተሰቦቿ ከለከሏት። ቦታ ተከፍቷል። ያንግጂ እስከ ሐሙስ ሁለት ዘፈን ትላክ ይላሉ፤ አድምጠን እንወስናለን፣ ተስፋ አንሰጥም።

ደወልኩ፣ አታነሳም። ጻፍኩ፣ አታይም። አባዬ ከሆስፒታል ተመልሶ ተኝቷል። ሱቁን ዘግቼ ወደ ላጋንኬል ሮጥኩ። ታክሲዋ ልትነሳ ነው። የፊተኛውን በር ያዝኩ።

"ተይዟል" አለች ሳታየኝ።

"በማን?"

"በአባትሽ።"

ባዶ ነው ወንበሩ። ዞሬ ከኋላ ገባሁ፤ አሥር ሰው፣ ጉልበት ለጉልበት። ተነሳን። በትንሿ መስኮት በኩል ጮህኩ፦

"ያንግጂ፣ ሙምባይ መለሱ! አንድ ቦታ ተከፍቷል!"

ፍጥነት ጨመረች።

ጭኗ ላይ የጎመን እስር የያዘች አንዲት ባልቴት፦ "ምንድነው የተከፈተው ልጄ?"

"የሙዚቃ ሥራ ነው፣ እማማ። ሩቅ አገር፣ ሦስት ወር።"

"ታዲያ ሹፌሯ ለምን አትመልስልሽም?"

"ተጣልተናል። ዕድሉን ደብቄባት ነበር።"

"ደበቅሽባት?" ባልቴቷ ከነጎመኗ ፈቀቅ አለችብኝ። "ወይ አንቺ ክፉ!"

አንድ ክራባት ያሰረ ሰውዬ፦ "እባካችሁ፣ ይሄ ሽማግሌ ፊት የሚታይ ጉዳይ ነው። ከምሳ መልስ ቢሮ ዘግይቻለሁ።"

"አንተ ዝም በል፣ ቢሮህ እግር የለው፣ የትም አይሄድ!" ብላው ባልቴቷ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። "ሹፌር! ልጄ! ይቺ ክፉ ናት፣ ተይያት። ዕድሉ ግን ምን አደረገሽ? እሷን ስትቀጪ ራስሽን አትቅጪ!"

"እውነቷን ነው" አለ አንዱ ከጥግ። ክራባት ያሰረው ደግሞ ሳላስበው፦ "ሦስት ወር እኮ ምንም ማለት አይደለም።"

ያንግጂ ጥግ ይዛ አቆመች። ፊቷን አላዞረችም።

"ስንት ዘፈን?"

"ሁለት። እስከ ሐሙስ።"

"በምን ቋንቋ?"

"በራስሽ።"

ከኋላችን ጥሩምባ ይጮሃል።

"ውረጂ።"

"እሺ።"

"ሂሳብ ክፈይ።"

ከፍዬ ወረድኩ። ዝናቡ አቁሟል። በእግሬ ተመለስኩ።

መስከረም 20፣ ዓርብ

ልካለች። እሷ አልነገረችኝም፣ ለአባዬ ነው የነገረችው፣ እኔ በጆሮዬ እየሰማሁ።

መስከረም 26፣ ሐሙስ

ተቀበሏት። ማስታወቂያውን ገጹ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ለጥፌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደስታ ነው? ደስታም አለበት። ሌላም አለበት፣ አልዋሽም፤ ይህን የሚያነበው እኔ ብቻ ነኝ።

መስከረም 30፣ ሰኞ

ለዳሳይን በዓል መጣች፣ አባዬ በቀይ ቀለም የተለወሰውን የምርቃት ሩዝ ግንባሯ ላይ እንዲያደርግላት። እስከ አፍንጫዋ አወረደው። "ሂጂ፣ ዘፍነሽ ጆሯቸውን አደንቁሪላቸው" ብሎ መረቃት። እግሩን ሳመች።

ሻይ አቀረብኩላት። ተቀበለችኝ፣ አጠገቧ አስቀመጠችው፣ ሳትጠጣው ሄደች። ነገ አባዬን ካደረሰች በኋላ ታክሲዋን ለአጎቷ ልጅ ትሰጣለች። ከሰዓት ትሄዳለች።

ጥቅምት 4፣ ዓርብ

የአጎቷ ልጅ ጋሊ ውስጥ አልገባም አለ። ታክሲዋ ትገጫለች ይላል። አባዬ ከዘራውን አነሳና "በእግሬ እሄዳለሁ" አለ። እስከ አስፋልቱ በሦስት ዕረፍት ደረስን። ሃያ አምስት ደቂቃ። አንደኛው ዕረፍት ላይ ባለ ዳቦ ቤቱ ወንበር አወጣለት፤ ሁለተኛው ላይ ራሱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ፤ ሦስተኛው ላይ ሰደበኝ። አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ሄድኩ። እንደ ፈራሁት ከባድ ነው። ልክ እንደ ፈራሁት። ግን ደረስን።

ጥቅምት 10፣ ሐሙስ

ሱቁ እንደ ድሮው። ገጹ እንደ ድሮው፤ ሰዉ ግን ቀንሷል፣ አሥራ አንድ ሺህ። ጠዋት የኮሎምቦ ውድድር መጣ፣ ወዲያው ለጠፍኩ። በር በሩን እያየሁ ነው የምውለው። የት ልሄድ? ሦስት ቀን ሆስፒታል፣ ሦስት ቀን ባንኮኒ፣ አንድ ቀን እንቅልፍ።

ከምሳ በኋላ አባዬ ጠራኝ። ያንግጂ የድምፅ መልእክት ልካለታለች፣ ማጫወት አልቻለበትም ነበር። ከፈትኩለት። "አባባ፣ መርፌው የሚወጋዎት ክንድ እንዴት ነው? እዚህ ሙቀቱ ገደለኝ። ትናንት የመጀመሪያውን ቀዳን፤ አንዲት የስሪላንካ ልጅ አብራኝ አለች፣ ቋንቋዬን ሳትሰማ አለቀሰች። ምግቡ ቅመም ብቻ ነው። ጨው አይብሉ፣ እሺ?"

ስለኔ አንድ ቃል የለም። መጨረሻ ላይ ግን ወዲያው አልዘጋችውም። ስድስት፣ ሰባት ሰከንድ ያህል ትንፋሿ ብቻ ይሰማል፣ አንድ ነገር ልትል እንደፈለገች ሰው። ከዚያ ተቋረጠ።

አባዬ አየኝ። "ድገሚልኝ" አለ። ደገምኩለት። "ጆሮዬ ደካማ ነው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ።" ጆሮው ምንም አልሆነም።

ምን ልትል ነበር? ስድብ ይሆናል። ስሜ ይሆናል። ወይም መዝጊያው ጠፍቷት ነው።

ነገ ዓርብ ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተን መንገድ ካልጀመርን አንደርስም።