ከጋሼ ሙሉጌታ ቤት እስከ ባሕሩ

ሐሙስ፣ ጁላይ 18

ዛሬ ሆቴል የማጸዳው አሥራ ስድስት ክፍል ደረሰኝ። ወገቤ የኔ አይደለም። ቤት ገብቼ ምስር ወጥ ሠራሁ፣ ልጆቹን አጠብኩ... ከዚያ የጓደኛችን የመሲ ልጅ ልደት አለ፣ ማርቲንዴል ሰፈር።

መሲ የቫንኩቨር ፎቶዎቿን አወጣች። ለሦስተኛ ጊዜ! ያቺን ነጭ ሱሪዋን ለብሳ፣ ባሕሩን ከኋላዋ አድርጋ፣ ልክ እሷ ያስቆፈረችው ይመስል። «ልጅ ባሕር ሳያይ እንዴት ያድጋል?» ትላለች እኔን እያየች። ቀጠለችና ደግሞ መንጃ ፈቃዴ ላይ መጣች። «ተናኜማ ላይሰንሷን ፍሬም አድርጋ ሳሎን ትስቀለው፤ ፎቶዋ ያምራል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደርበውም ሳቀ። የሷስ ልማዷ ነው... የባሌ ሳቅ ነው ያንገበገበኝ።

አራት ጊዜ ነው የተፈተንኩት፣ አልክድም። ሁለቴ ፓርኪንግ ጣለኝ፣ ሦስተኛው ላይ «በጣም ቀስ ትያለሽ» ብለው ጣሉኝ። አራተኛው ላይ አለፍኩ። ሰባት ሳምንቴ። እስካሁን የነዳሁት እስከ ሱፐርማርኬት፣ ያውም ደርበው ጎኔ ተቀምጦ ወለሉን በእግሩ እየረገጠ። ፍሬኑ እሱ ጋ ያለ ይመስል!

ወደ ቤት ስንመለስ ሰርክአዲስ ከኋላ ወንበር፣ «ማሚ፣ ባሕር ሪል ነው?»
ሰባት ዓመቷ ነው። ምን ብዬ ልመልስላት? እኔም ከአውሮፕላን መስኮት ነው ያየሁት።

እሑድ፣ ጁላይ 21

ተሳካ! ለኦገስቱ ሎንግ ዊኬንድ ደርበው ቅዳሜና እሑድን ዕረፍት አገኘ። ሰኞ ከሰዓት ሺፍት አለው፣ ግን እስከዚያ እንመለሳለን። አራት ዓመት ሙሉ «ሌላ ጊዜ» ሲል ኖሮ ዛሬ በራሱ አፍ «እንሂድ» አለ። ባሕሩ ዳር፣ ዋይት ሮክ የሚባል ቦታ ሞቴል ያዝኩ። በስልክ፣ በራሴ እንግሊዝኛ። ሴትየዋ አንዴም «ፓርደን?» አላለችኝም።

አሁን ደርበው የባሕር ሊቅ ሆኗል። በወጣትነቱ አሰብ ወደብ ሁለት ዓመት ጸሐፊ ነበር። እራት ላይ ለልጆቹ ስለ ማዕበል ሌክቸር ይሰጣል። ኪራኮስ አራት ዓመቱ ነው፣ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል።

«መንገዱን ተራ በተራ እንነዳለን አይደል?» አልኩት ዕቃ እያጠብኩ።
«ተራራ ነው እኮ ተናኜ። ሌላ ጊዜ፣ ሜዳ ላይ ትለማመጃለሽ።»
ሌላ ጊዜ... ይቺን ቃል ከቤቴ የምታወጣልኝ መጥረጊያ ባገኘሁ!

ረቡዕ፣ ጁላይ 31

ደርበው ጉድ ሠራን። ካምሉፕስ ለሚኖሩት ለጋሼ ሙሉጌታ ደውሎ «እግረ መንገዳችንን ብቅ ብለን ሰላም እንልዎታለን» አላቸው። ደሴ የጂኦግራፊ አስተማሪው የነበሩ ሰው ናቸው። በዚያ ከተማ ብቻቸውን ናቸው፤ ባለፈው ስንደዋወል «አማርኛ የማወራው ከሬዲዮኑ ጋር ነው» ብለውኛል።

ብቅ ብሎ መውጣት እኛ ዘንድ መቼ ነው ተደርጎ የሚያውቀው? «ካምሉፕስ መንገዱ መሀል ነው፤ ከገባን አንወጣም» አልኩት።
«አንድ ሰዓት ብቻ» አለ። ጻፍኩት። ምስክር ይሁነኝ።

ዓርብ፣ ኦገስት 2

ሦስት ሻንጣ፣ ሁለት ኩለር፣ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ አንድ ባልዲ ከነአካፋው። ለሁለት አዳር! ማንን ልናበላ ነው?

ቅዳሜ፣ ኦገስት 3፣ ዋይት ሮክ

እጄ አሁንም መሪ የያዘ መስሎታል። እስክሪብቶውን ጨምድጄዋለሁ። ልጆቹ ከነአሸዋቸው ተኝተዋል። ሳልጽፈው አልተኛም።

ሊነጋጋ ሲል ከሰፈራችን ከካስልሪጅ ወጣን። ደርበው ነዳ፣ እኔ ዳቦ አደልኩ። ተራራውን፣ ሐይቁን... ኪራኮስ ባየው ውኃ ሁሉ «ዚስ ኢዝ ኢት?» ይላል። «አይደለም።» «ዚስ ዋን?» «አይደለም!» ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር እንዲህ።

ካምሉፕስ ገና ረፋዱ ላይ ደረስን። ጋሼ ሙሉጌታ በር ላይ ቆመዋል፣ በኮትና ክራባት። በዚያ ሙቀት! ከስንት ሰዓት ጀምሮ ቆመው ይሆን? ደርበው አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሲያያቸው እጁን ከኪሱ አወጣና እንደ ተማሪ ቀጥ አለ።

ቤቱ ውስጥ ድግስ ነው የጠበቀን። ክትፎ በአይነቱ፣ ጥብስ፣ በገዛ እጃቸው የጠመቁት ጠጅ። ማሩ የዚያው አገር ነው፣ ጌሾው ከቶሮንቶ በፖስታ የመጣ። «ፍልሰታ ረቡዕ ይገባል፤ ይሄን ሁሉ ለማን ልተወው?» አሉ። ብርሌ የላቸውም፣ በጃም ጠርሙስ ነው የሚቀዱት።

ደርበው አንዱን ጠጣ። ጋሼ ሁለተኛውን ቀዱ።
«ጋሼ፣ እነዳለሁ እኮ...»
«መንገዱ የት ይሄድብሃል? በሞቴ!»
አስተማሪው «በሞቴ» ብሎት ደርበው እንዴት እምቢ ይበል? ጠጣ። ሦስተኛውም መጣ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን እረግጣለሁ፣ እሱ ፈገግ ይላል። ጆሮው ቀላ። ከዚያ ስለ ስምንተኛ ክፍል ፈተና መሳቅ ጀመሩ... አበቃ አልኩ በልቤ።

ሰዓቱ ሄዶ ሄዶ ከቀትር በኋላ ሆነ። ደርበው ሊነሳ ሲል የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። ጋሼ አዩት። ፊታቸው ተለወጠ።
«ጥፋቱ የኔ ነው። እንዲህ ሆነህ አትነዳም። እዚሁ እደሩ። ነገ ልጆቹን ሐይቅ እናሳያቸዋለን። ውኃ ውኃ ነው።»
ደርበውም፣ «እውነትም... ነገ ለሁለት ሰዓት ቆይታ ብለን እስከዚያ ከምንሄድ... ባሕሩን ሌላ ጊዜ...»

ሰርክአዲስ ባልዲውን ይዛ በር ላይ ቆማለች። አማርኛዋ እየተሰባበረም ቢሆን «ሌላ ጊዜ»ን ጥርት አድርጋ ታውቃታለች። አላለቀሰችም። ባልዲውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ቁልፉን ስጠኝ» አልኩ።
«ምን?»
«ቁልፉን፣ ደርበው።»
«ተናኜ፣ የኮኪሃላ ተራራ መንገድ ነው እኮ! መኪና ሙሉ ልጅ ጭነሽ... ትራኮች አሉ፣ ቁልቁለቱ...»
ያን ጊዜ ጋሼ ሙሉጌታ ወደ እኔ ዞሩ። ከመጣን ጀምሮ ገና አሁን ያዩኝ መሰለኝ። «መንጃ ፈቃድ አለሽ ልጄ?»
«አለኝ።»
«ጠጅ ቀምሰሻል?»
«ውኃ ነው የጠጣሁት።»
«ነይ ተቀመጪ።»

ከግድግዳው ካላንደር ላይ ያለፈውን የጁላይን ገጽ ቀደዱና ጀርባው ላይ መንገዱን ሳሉልኝ። ዳገቱን፣ የመንገዱን ቶል መክፈያ፣ የበረዶ መከላከያውን ዋሻ፣ ከዚያ ትልቁን ቁልቁለት፣ ፍሬን የከዳው ትራክ የሚገባበትን የጠጠር መንገድ ሳይቀር። «ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ሁለት ላይ። ፍሬን ላይ አትተኚ። ነካ፣ ለቀቅ። ድገሚልኝ።» ደገምኩ። «ከዋሻው ቀጥሎ?» መለስኩ። «ትራክ ከኋላ ቢያስጨንቅሽ?» «ቀኜን ይዤ የራሴን ፍጥነት።» ደርበው አፉን ከፍቶ ያየናል። ካልነገርኩት ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ የመንጃ መጽሐፉን ባስ ላይ እንዳነበብኩ በምን ያውቃል?

«ስጣት ቁልፉን» አሉት። ሰጠኝ።

የመጀመሪያውን ሰዓት እንዴት እንደተነፈስኩ አላውቅም። ላብ ጀርባዬን... ካላንደሩ ጭኔ ላይ። ደርበው ወለሉን ይረግጣል፣ «ቀኝሽን፣ ቀኝሽን!» ይላል። «አንድ ቃል ከተናገርክ ጠጠሩ ውስጥ አስገባሃለሁ» አልኩት። ሰርክአዲስ ከኋላ ሳቀች። ሳቋ ጉልበት ሆነኝ።

ዳገቱን ወጣሁ። ቶሉ ጋ ገንዘብ ተቀባይዋ «ሃቭ ኤ ሴፍ ድራይቭ» አለችኝ። ለእኔ! ሹፌሩ ማን እንደሆነ አይታ ነው። ከዋሻው ስወጣ ቁልቁለቱ ከፊቴ ተዘረጋ። ማርሽ ሁለት። ነካ፣ ለቀቅ። ነካ፣ ለቀቅ። ትራኩ ከኋላዬ እንደ ተራራ ቆሟል። ይቁም! የራሴን ፍጥነት።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ የሆነ ነገር ጎደለብኝ። ምንድን ነው? ወለሉ ዝም ብሏል። ዞር ብዬ ሳይ ደርበው ተኝቷል። ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና፣ አውቶቡስ ሳይቀር፣ ተኝቶ የማያውቀው ሰውዬ! እግሩን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ። ጠጁ ነው? ወይስ እኔ ነኝ?

እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩ የኔ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ቁልቁል ወደ ዳርቻው ስንዞር ሰማያዊው ሁሉ አንድ ላይ መጣ። መኪናውን ፓርክ አደረግኩ። በሁለት መኪና መሀል፣ አንዴ ብቻ ገብቼ! ሰርክአዲስ ወርዳ ቆመች። ብዙ ቆመች። «ኢትስ ሪል» አለች፣ በሹክሹክታ። ኪራኮስ በእፍኙ ጠጣና፣ «ማሚ! ሁ ፑት ሶልት?» የአሰቡ ሊቅ ልብሱን አውልቆ እየሮጠ ገባ፣ እየጮኸ ወጣ። «ይሄ ባሕር አይደለም፣ በረዶ ነው! የአሰብ እኮ ሻይ ነው!»

ጫማዬን አወለቅኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ውኃው ቁርጭምጭሚቴን ነካኝና ተመለሰ፣ እንደገና መጣ። የነዳሁት እኔ ነኝ... የነዳሁት እኔ ነኝ። ይህንን ስል ነበር ለራሴ።

እሑድ፣ ኦገስት 4፣ ካምሉፕስ

ጠዋት ባልዲያችንን ይዘን ብንወርድ ውኃው እየሸሸ ነው። ስንጫወት ቆይተን ቀና ስንል፣ ያ ሁሉ ባሕር ርቆ ሄዶ አሸዋ ብቻ! ኪራኮስ በእንባ፣ «ሁ ቱክ ኢት?» ደርበውን አየነው። ሊቁ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሰብ... እንዲህ አያደርግም» አለ። በእግራችን ተከተልነው። ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣ፣ የኪራኮስ አንድ ጫማ... ጫማው እዚያው ቀረ።

ስንመለስ እስከ ካምሉፕስ ደግሞ እኔ ነዳሁ። ማንም አላዘዘኝም። ደርበው ሻንጣውን ጭኖ ሲጨርስ ቁልፉ እኔ እጅ ነበር፣ አለቀ።

ጋሼ ሙሉጌታ በር ላይ ነበሩ። ኮትና ክራባት፣ አሁንም። ሌሊቱን እንዳልተኙ ነገሩን። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ፣ «ካርታውን አምጪ» አሉ። ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ ወጣ። ጡረታ የማይወጣ እስክሪብቶ!

«የት ላይ ፈራሽ?»
«ከዋሻው ስወጣ።»
«ምን አደረግሽ?»
«ማርሽ ሁለት።»
«ስንት ነዳሽ?»
«ሰባ... ሰባ አምስት።»
«ከኋላሽ ስንት መኪና ተሰለፈ?»
ኪራኮስ ብድግ ብሎ፣ «ኢለቨን! አይ ካውንትድ!»
ጋሼ ሳቁ። ከላይ፣ በቀይ፣ ጻፉ። 9/10። «አንዷ ለዝግታሽ።»

በቃኝ ነበር። ከምር። ከእሳቸው ዘጠኝ ማግኘት... ግን ደርበው ከጀርባዬ ተነሳ። ድምፁ ቀጠነ።
«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... አሥር ነው የሚገባት።»
«ምን አልከኝ?»
«አሥር። ጎኗ ነበርኩ።»
«ተኝተህ አልነበር እንዴ?»
«መተኛቴ እኮ ነው ጋሼ!»

ሦስት ጠርሙስ ጠጅ እምቢ ማለት ያቃተው ሰው ነው ይሄ። ጋሼ ቀዩን እስክሪብቶ ከደኑ። «እኔ ያረምኩት አይሰረዝም» አሉ። ግን ዓይናቸው... ደስ ብሏቸዋል። ቆይተው ጠጅ ሊቀዱለት ሲመጡ ደርበው መዳፉን ጠርሙሱ አፍ ላይ አደረገ። «አመሰግናለሁ ጋሼ። ነገ ከእሷ ጋር ተራ በተራ እንነዳለን።»
«በሞቴ» አላሉም።

ሰኞ፣ ኦገስት 5

ደርሰናል። ደርበው ሺፍቱ ላይ በሰዓቱ ገባ። ቫኑ ውስጥ ያለው አሸዋ የመሲን ግቢ ይሞላል።

እሑድ፣ ኦገስት 11

ከቅዳሴ በኋላ መሲ ቤታችን መጣች። የጾም ምሳ በላን። ለውኃ ስትነሳ ፍሪጁ ጋ ቆመች። ካላንደሩን ተለጥፎ አየችው።
«9/10... የማን ነው? የሰርክአዲስ የሳመር ስኩል?»
ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ደርበው ከሳሎን ቀደመኝ።
«የተናኜ ነው። ኮኪሃላን የነዳችበት። አንዷ ላይ ይግባኝ ብያለሁ።»
«ኮኪሃላን? ተናኜ? አንተስ?»
«እኔማ ተሳፋሪ ነበርኩ።»

መሲ ውኃዋን ጠጣች። (ነጭ ሱሪዋን ለብሳ ነበር። ወጥ ፈሶበታል። እኔ አይደለሁም!)

አመሻሽ ላይ ወደ ቤቷ ልናደርሳት ወጣን። ደርበው ቫኑን ዞረና፣ ማንም ሳይለው፣ በቀኝ በር ገብቶ ቀበቶውን አሰረ።