የአዛዡ ክራቫት

ኦቲሊያዬ፣

ሽምቅ ተዋጊው ወንድሜ ዊልማር ትጥቅ ሲፈታ ይዤው ልመለስ ብዬ እዚህ ካኬታ ጫካ ድረስ ብመጣ፣ ድርድሩ በክራቫት የተነሳ ሦስት ቀን ቆሞ ጠበቀኝ። የመንግሥቱ ተደራዳሪ ለመታወቂያ ፎቶ ክራቫት ግድ ነው ይላል፤ አዛዥ ኤውሴቢዮ ደግሞ “አብዮተኛ ክራቫት አያስርም” ብለው ድርቅ አሉ። እሳቸው ሳይመዘገቡ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ትዕግሥቴ ሲያልቅ ክራቫቱን ከተደራዳሪው አንገት ፈትቼ አዛዡ ፊት ቆምኩ።

“ሠላሳ ዓመት ቦምብ ሲዘንብብዎት ያልሸሹ ሰውዬ፣ ጨርቅ ፈሩ?”

ተዋጊዎቹ ሳቁባቸው። አዛዡም ጠመንጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው አንገታቸውን ሰጡኝ።

“ቀስ በይ እህቴ፣ ታንቂኛለሽ!”

“አያስመኙኝ!”

ፎቶ ተነስተው ዞር ሲሉ፣ የትጥቅ መዝጋቢው ጠመንጃቸው ላይ የርክክብ ቁጥር ለጥፎበታል። ስልሳው ተዋጊም በየተራ በዚያችው ክራቫት ፎቶ ተነሳ።

እሑድ እንገባለን። ሰፈሩን በሙሉ ሳሚልኝ። ውሻሽንም እሰሪው፤ ዊልማር ጫካ ኖሮ በበር መግባት ስለረሳ አጥርሽን ዘሎ ነው የሚመጣው።

ፋቢዮላ