ዘሃራ፣ ሰደቃሽን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት

ዘሃራዬ፣ ሰላም በአንቺ ላይ ይሁን፤ ጌታዬ ማረፊያሽን ሰፊ ያድርግልሽ።

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከዘጠኝ ቀን ሆነ። ዓመቱን ሰፈሩ በሙሉ ቆጥሮልሻል። ዘጠኙን ቀን ግን የቆጠርኩት እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ለምን እንደሆነ እስክነግርሽ ታገሺኝ። ታውቂኛለሽ፣ ወሬ ከጫፉ መጀመር አልችልበትም። ፊደል የቆጠርኩት ልብስ በምቆርጥበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ የማነበው ሁሉ ግማሹ በመቀስ የሄደ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ሱቄ እዚያው ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ነው፣ የስፌት መኪናዬም እንደ ድሮዋ ታጉረመርማለች። የእህትሽ ልጅ ሀያት ከአጋሮ መጥታ እኔ ዘንድ ትኖራለች፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ተቀጥራለች። ከአንቺ የወረሰችው ዓይንሽን ነው፣ ሳትናገር ትቆጣበታለች። ጎረቤታችን የነጂብ እናት ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ድምጿ ዛሬም ከአጥሩ በላይ ነው።

እኔ ደግሞ ከስቻለሁ። አትሳቂ፣ የምሬን ነው። ያ ወገቤን ዞሮ አልገናኝ እያለ ከጀርባዬ ቆመሽ ክር ትቀጥዪበት የነበረው ሜትር፣ ዛሬ ዞሮ ይተርፋል። ሱሪዎቼን አንድ በአንድ አጠበብኳቸው፤ ከአንዱ በተረፈው ጨርቅ ለነጂብ ልጅ ቁምጣ ሰፋሁለት።

ሰፈሩ ይህን አይቶ ምን አለ መሰለሽ? «ሀዘን ጨረሰው» አለ። ሴቶቹ ባሎቻቸውን በእኔ ይሰድባሉ፤ «እሱን እይ! አንተ እኔ ብሞት ግማሽ ኪሎ ትቀንስልኛለህ?» ይሏቸዋል። ባሎቹ እኔን ሲያዩ መንገድ መቀየር ጀመሩ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ብቻ ብል ጥሩ ነበር፤ ሰው ሲመጣ አንገቴን ደፋ አደርግላቸው ነበር። ሀያት ይህን ስታይ፣ «አጎቴ፣ እርስዎ በሽተኛ ነዎት ወይስ ተዋናይ?» ትለኛለች።

እውነቱን ለአንቺ ልንገርሽ። የቀነሰኝ ሀዘን አይደለም፣ ሐኪም ነው። የዛሬ አራት ወር አዲስ አበባ ሄጄ ጨጓራዬን በቀዶ ጥገና አሳነስኩት። ለሕክምናው ብር ብዬ ያቺን የሸቤ ቡና መሬት ለወንድሜ ለቀቅሁለት፣ ቅር እንዳትዪኝ። ከጨጓራዬ አራት እጅ ሦስቱን ቆርጠው ጣሉና የቀረውን ሰፉት። ሆዴ ላይ አምስት ትንንሽ ቀዳዳ ትተውልኛል፤ ቁልፍ የሌለው አምስት የቁልፍ ቀዳዳ። ዶክተሩን «እኔ ብሆን ስፌቱን ደገም አደርገው ነበር» ብለው፣ «ለዚህ ነው ያስተኛንዎት» አለኝ።

ከመቁረጡ በፊት ያስቸገረኝ ግን ቢላዋው አልነበረም። ከምግብ ባለሙያዋ ጋር ቁጭ አልን፣ ቅጽ ልትሞላ ብዕር አነሳች። «ቤት ማን ያስታምምዎታል? ምግብ የሚያዘጋጅልዎ፣ ሲከፋዎትም የሚያነጋግሩት ሰው ማን ይባላል?» አለችኝ። ስምሽን ጠራሁ። ወላሂ፣ አፌ በራሱ ነው የጠራው። ሴትዮዋ ስምሽን ጽፋ «ስልካቸውስ?» ስትለኝ ነው የነቃሁት። አብራኝ የመጣችው ሀያት ቅጹን ወደ ራሷ ሳበችና ከስምሽ ሥር ስሟን ጻፈች። ስምሽን አልሰረዘችውም።

ሀያት ባትኖር አልተርፍም ነበር። ከቀዶ ጥገናው በፊት ለሳምንታት ምግቤን እየለካች አለማመደችኝ። ከዚያም በኋላ መጀመሪያ ፈሳሽ ብቻ፣ ቀጥሎ የተፈጨ፣ ቀጥሎ ለስላሳ፤ ሁሉም በሲኒ ተለክቶ። ውሃ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ፣ ከምግብ ጋር ግን ክልክል። ኪኒኑ ዕድሜ ልክ ነው። ጅማ ተቀምጬ ቡና የተከለከልኩበትን ወርማ አታንሺብኝ።

ዶክተሩ ስንለያይ፣ «አብረውዎት ማዕድ የሚቀርቡ ሰዎች ይወቁ። ካላወቁ በደግነታቸው ይጎዱዎታል» ብሎ ነበር። እሺ ብዬ መጣሁ፣ ለማንም አልነገርኩም። አዲስ አበባ ወንድሜ ጋ ሰንብቼ መጣሁ አልኩ። ለምን አትዪኝም? ሰው በውፍረቴ ሳይስቅብኝ እኔ ቀድሜ እያሳቅሁት የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ግን ቀድሜ የምስቅበት መላ አጣሁ።

ከዚያ ታጠርኩ፣ ዘሃራ። ሀዘን ያከሳው ሰው መድኃኒቱ ምግብ ነዋ! በየቀኑ አንዱ ሰሃን ይዞ ይመጣል። በኦሮምኛም በአማርኛም «ኛዱ፣ ብላ እንጂ አቦ!» እያለ እስክጎርስ አጠገቤ ይቀመጣል። ሁለት ጉርሻ ስውጥ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተቀመጠ ይመስለኛል። አልበላም ካልኩ «ሀዘኑ ጸንቶበታል» ይባልና በማግስቱ ሰሃኑ ሁለት ይሆናል። ብናገር ውሸታም ልሆን ነው፣ ባልናገር ልፈነዳ ነው። ደግሞ ዓይኔ እንደ ድሮው ይራባል፤ እምቢ የሚለው ሆዴ ብቻ ነው። በገዛ ሰፈሬ፣ በሚወዱኝ ሰዎች መሀል፣ መውጫ አጣሁ።

ሦስተኛ ሳምንቴ ላይ፣ ገና ከሾርባ ሳልሻገር፣ የነጂብ እናት ማርቃ ገንፎ አገንፍታ፣ መሀሉን በቅቤ ሞልታ ይዛ መጣች። «አፈር ስሆን! የዘሃራን ሩሕ፣ ነፍሷን ካልክ!» አለችኝ። አንቺም ሰሃኔ ላይ የመጨረሻዋን ስትጨምሪልኝ «አፈር ስሆን» ነበር የምትዪኝ። አንቺ ግን አፈር ሆነሻል፣ ዘሃራ። ይህን ቃል ሰምቼ እምቢ የምልበት አፍ ከየት ላምጣ? ሦስት ጊዜ ጎረስኩ። እሷ ከበር ሳትርቅ ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ሀያት ስፌቱ ተተረተረ ብላ እያለቀሰች ሆስፒታል አደረሰችኝ። አልሐምዱሊላህ፣ አልተተረተረም። ስንመለስ «ዛሬ ይንገሯት፣ ካልነገሯት እኔ እነግራታለሁ» አለችኝ። ለምኜ አስማልኳት።

ከመናገር ይልቅ ምን ሠራሁ መሰለሽ? ኪስ ሰፋሁ። በግራጫው ኮቴ ውስጥ፣ በሆዴ በኩል፣ ላስቲክ ገበር ያለው ሰፊ ኪስ። ሰው ዞር ሲል እጄ ወደ አፌ ሄዶ ወደ ኪሴ ይመለሳል። ለሁለት ወር ሠራልኝ። የሰፈሩ ውሾችም እንደ እኔ የሚወዱት ሰው አልነበረም። ሲሳካልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። አመሌን ታውቂያለሽ።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን ዓመትሽ ሆነና ሰደቃ አወጣንልሽ። ግቢው ሞላ። ሼኹ ዱዓ ሲያደርጉ «ለትዳሩ ታማኝ ሆኖ በሀዘን ለመነመነው ለዚህ ወንድማችን» ብለው ጨመሩበት፣ ሰዉም አሚን አለ። አሚን ሲባል አንገቴን የደፋሁት ያን ቀን ለማስመሰል አልነበረም። የነጂብ እናት ሩዙን በቀይ ወጥ አርሳ፣ ሥጋውን መርጣ፣ ራሷ ይዛልኝ መጣች። እኔም እንደለመድኩት ወደ ኪሴ አሻገርኩት።

ላስቲክ በመርፌ ከተወጋ ፈሳሽ እንደማይቋጥር የማያውቅ ልብስ ሰፊ አይተሽ ታውቂያለሽ? እስከዚያ ቀን ደረቅ ደረቁን ነበር የምከተው። ወጡ በስፌቱ ቀዳዳ ወረደና ነጩ ጀለቢያዬ ሆዴ ላይ ቀላ። አንዱ «ደም!» ብሎ ጮኸ። ያ ረቢ! አራት ሰው ተረባርቦ አጋደመኝ፣ ኮቴን ገለጡት። የሰደቃሽ ሩዝ፣ የሰደቃሽ ሥጋ፣ በሰው ሁሉ ፊት ከኪሴ ተዘረገፈ።

የሳቀ አልነበረም። ተጋድሜ እንዳለሁ ሁሉንም ተናገርኩ፤ አዲስ አበባውን፣ ቢላዋውን፣ አምስቱን ቀዳዳ። የነጂብ እናት ባዶ ሰሃኗን ደረቷ ላይ ይዛ ሰማችኝ። «ሀዘን አይደለማ!» አለችኝ። «ልታገባ ነው? ለሙሽርነት ነው የከሳኸው? ዘሃራ በቁሟ ስትሸፍንህ ኖራ፣ ሞታም ትሸፍንህ?» ሰሃኑን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምጿን ከአጥሩ በላይ አልሰማሁም። ሌላውም ሰው ተለውጧል፤ ፊት አትብላ የሚለኝ አልነበረም፣ አሁን ሻይ ቤት ስገባ እንኳ ሁሉም ጉርሻዬን ይቆጥራል። ከአንዱ አጥር ወጥቼ ሌላው ውስጥ ገባሁ።

ለምን እንደተቆረጥኩ ግን ያን ቀን ለነጂብ እናት አልመለስኩላትም። ለሀያትም ነግሬያት አላውቅም። ዶክተሩ ሲጠይቀኝ ስኳሬን፣ ጉልበቴን፣ ትንፋሼን ነበር የቆጠርኩለት። አንቺ ታውቂዋለሽ ብዬ አስባለሁ፤ ባታውቂው ደግሞ ከእኔ ስሚው።

የቀብርሽ ቀን ነው። ወደ ውስጥ ወርጄ በእጄ ላስቀምጥሽ ይገባኝ ነበር። ሼኹ ና ብለው ጠቀሱኝ። ጠርዙ ላይ ተቀምጬ አንድ እግሬን ሳወርድ አፈሩ ተናደ። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፣ እኔ ሰፊ ነኝ። ሰዎች ብብቴን ይዘው ወደ ኋላ ሳቡኝ፤ «አንተ ተው፣ ይናዳል» አሉኝ። ወንድምሽና ወንድሜ ወረዱ። እኔ ከላይ ቆሜ፣ ዘሃራ፣ ቀለድኩ። «ለእኔ ጊዜ በአካፋ አትልፉ፣ ዶዘር ጥሩ» አልኩ። ሰዎቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እኔም ሳቅሁ። አንቺን ሲያስቀምጡሽ እኔ እየሳቅሁ ነበር። አፈሩን መልሰው ሲጨርሱ ነው አፌን የዘጋሁት። ወደ ሐኪሙ የሄድኩት ከዚያ ቀን የተነሳ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሀያት ወደ ሥራ ስትወጣ፣ «የነጂብ እናት ካላስታመመችዎት ብቻዬን አልችልም። ሄደው ያናግሯት» አለችኝ። በሯን ለማንኳኳት ድፍረት አጣሁ። የውሃ ኩባያዬን ይዤ አጥሩ ሥር ቆምኩና ልብስ የምታሰጣበትን ድምፅ ስሰማ፣ የቀብሩን ነገር ለቆርቆሮው ነገርኩት። ወንድምሽ መውረዱን፣ እኔ መሳቄን፣ ሁሉንም። በመሀል ቀልድ መጣልኝ፤ ዋጥኩት። ስጨርስ ገብታለች ብዬ ልመለስ ስል፣

«ውሃህን ጠጥተሃል?» አለችኝ።

«አልጠጣሁም።»

«ጠጣ በል። ቆሜያለሁ።»

ጠብ ጠብ እያልኩ አንድ ኩባያ ለመጨረስ ምን ያህል እንደሚፈጅብኝ አታውቂም። ፀሐዩ ከቤቱ ግድግዳ ወደ ደጃፉ ወረደ። እሷ በዚያ ጉልበቷ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ጠበቀችኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም። ኩባያውን አስቀምጬ «ጨረስኩ» ስላት «ነገም እመጣለሁ» አለችና ሄደች።

ዘሃራዬ፣ ሰው ሲጠይቀኝ የሚስቴ ሀዘን አከሳኝ አልልም ከእንግዲህ። ሐኪም ቆረጠኝ እላለሁ። ስለ አንቺ የጠየቀኝን ደግሞ ስለ አንቺ እነግረዋለሁ፣ ሳልቀልድ፣ ዕድሜዬ እስከፈቀደልኝ ድረስ። ኢንሻአላህ ይህችን ቃሌን አልረሳትም።

ያንቺው ልብስ ሰፊ።