የወንድሜ መኪና አዲስ ሞተር

ጥቅምት 4
መኪናዋን ከጋራዥ አወጣኋት። የድሮው ሞተር ነው ወንድሜን ጉድ የሠራው፤ ዳገቱ መሃል ተቃጥሎ ቆመበት። ወርዶ ጎማው ስር ድንጋይ ሲያደርግ ቁልቁል የመጣ የጭነት መኪና... ይበቃል።

መካኒኩ ጣቱን ቀስሮ፣ “ሮዳጅ ላይ ናት፤ አዲሱ ሞተር እስኪላመድ ከስልሳ እንዳታልፊ። በአንድ ፍጥነትም ብዙ አትቆዪ፣ ከፍ ዝቅ አድርጊያት። ጭነት የሚባል ነገር ለጊዜው እርሺው።”

“እሺ፣ ጋሼ።”

እሺ አልኩ እንጂ... ቤታችን የሚኖረው በእሷ ጭነት አይደል?

ጥቅምት 7
ስልሳ። አርባ። እንደገና ስልሳ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ያስጮህብኛል። አንዱ ሲያልፈኝ፣ “እህቴ፣ እንግፋሽ እንዴ?” ሳቅኩ። ከወንድሜ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቤት ስደርስ እማዬ በር ላይ ቆማለች።

“አሁን መጥቶ ነበር።”

“ማን?”

“ወንድምሽ። መኪናውን አቆመና... ሳይገባ ሄደ።”

መኪናዋ እኮ እኔ ጋ ነበረች።

ጥቅምት 8
አልቃዠችም። አመሻሽ ላይ እኔም ሰማሁት። ያ የድሮው ሞተር፣ ሳል እንደያዘው ሰው እየተቆራረጠ የሚጮኸው። ሮጬ ወጣሁ። መንገዱ ባዶ። ግቢ የቆመችውን መኪና ኮፈኗን ነካሁት... ቀዝቃዛ ነው።

ጥቅምት 11
ዛሬም። እራት ላይ ነበርን። ተያየን።

ጥቅምት 15
መካኒኩ ጆሮውን ጣል አድርጎ አዳመጣት። “ሜዳ ለሜዳ ብቻ ነው እንዴ የምትነጂያት? ዳገትም አሳያት እንጂ፣ ቀስ ብለሽ።”

እዚህ አካባቢ ያለው ዳገት አንድ ነው።

ሄድኩ። ስሩ ስደርስ መኪናዋን አዞርኳት። ተመለስኩ። ለእማዬ ነገርኳት። “ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ” አለች።

ጥቅምት 16
አጠገቤ ተቀመጠች። በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያልን ወጣን።

“እዚህ ጋ አቁሚልኝ።”

ወረደች። ጓዳ ያለ ሰው ስትጠራ በምታወጣው ድምፅ፣ “ልጄ” አለች። “መኪናዋን እህትህ ይዛታለች። አትመላለስ በቃ። ደክሞሃል።”

ገባች። በሩን ዘጋች።

“ንጂ።”

መሪው በእንባዬ ራሰ። መኪናዋ ግን እስከ አናቱ አንዴም አላንገራገረች።

ጥቅምት 24
ዘይቷ ተቀየረ። መካኒኩ፣ “ሮዳጇን ጨርሳለች፣ አሁን ጫኚ” አለኝ። ነገ ስሚንቶ እጭናለሁ።

እማዬ ሳይመሽ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዳገቱ ወዲህ ያ ድምፅ አልመጣም። ደስ ሊለኝ አይገባም?

መስኮቱን ከፈትኩት። አንድ መኪና አለፈ። ሌላም አለፈ። የሱ አይደለም።

እማዬ እንዳትሰማኝ በሹክሹክታ፣ “አንዴ ብቻ ና” አልኩት።